የወፍጮ ቤቱ ፊልም መጨረሻ

አፈ ጀርመን ጀርመንኛ አይችልም ነበር። ይህን ጉድ የሚያውቁት እሱ ራሱ፣ ሚስቱና የቪዲዮ ቤቱ ጌታ ብቻ ሲሆኑ፣ ሦስቱም አፋቸውን የሚይዙበት በቂ ምክንያት ነበራቸው። በጎረምሳነቱ በአንድ የሙያ ማሰልጠኛ ውስጥ የመሣሪያ ክፍል ጠባቂ ሆኖ ሠርቷል። አስተማሪው ጀርመናዊ ስለነበር መዶሻ፣ መፍቻ፣ ብሎን፣ «በሩን ዝጋ»፣ «ቶሎ በል» እና «ደግሞ ሰበርከው?» የሚሉትን እንደ ውሃ ጠጥቷቸዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጀርመንኛ ግን ለእሱም ለተመልካቹም እኩል ጨለማ ነው። አስተማሪው ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ካርቶን ሙሉ የቪዲዮ ካሴት ጥሎለት ሄደ። ገሚሱ የጦርነት ነው፤ ገሚሱ ደግሞ ፖሊስና ወንበዴ በሰፊ አስፋልት ላይ መኪና የሚያላትሙበት። አፈ ጀርመን ካርቶኑን ተሸክሞ ቪዲዮ ቤት የገባ ዕለት ጠባቂነቱ ቀረና ተርጓሚ ሆነ።

ቪዲዮ ቤቱ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያለ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። መስኮቶቹ በካርቶን ተደፍነዋል፣ አግዳሚዎቹ ጀርባ የላቸውም፣ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ፤ ከቴሌቪዥኑ ጎን አፈ ጀርመን ማይክሮፎኑን ይዞ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ሥራው ለሚያየው ቀላል ነው። የፊልሙን ድምፅ ዝቅ ያደርግና የሰዎቹ አፍ ሲንቀሳቀስ እሱ ይናገራል። ጄኔራሉ ካርታ ላይ ተደፍቶ ሲለፈልፍ ከመካከሉ «ብሎን» የምትል ቃል ካገኘ ዕድለኛ ነው፤ የታንኩ ብሎን ላልቷልና እንጠንቀቅ ያሰኘዋል። ካላገኘ ደግሞ ጄኔራሉን ከሚስቱ ጋር ያጣላዋል። ዓይን አውጣነቱ ለጉድ ነበር። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል፤ ሲያስፈልግም ያለቅሳል፤ ማንም ደግሞ አንድም ቀን «ይህን ከየት አመጣኸው?» ብሎ አልጠየቀውም።

በሩ ላይ ትኬት የሚቆርጠው ታናሽ ወንድሙ ነበር። ወላጆቻቸው ተከታትለው ሲሞቱ ያሳደገው አፈ ጀርመን ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ታላቁ በሄደበት ሁሉ ስለሚከተል ሰፈሩ «ጭራው» ብሎት ቀረ፤ አድጎ፣ ጢም አውጥቶ፣ በያጅ ሆኖ የራሱን ቤት ከተከራየ በኋላም ጭራው ነው። የትኛው ፊልም ቢታይ እንደሚሻል ማወቅ የፈለገ ሰው የሚጠይቀው እሱን ነበር። ጭራው ደግሞ መልሱን አያጣም።

«መኪና መገለባበጥ ከሆነ ያማረህ የአስፋልቱን ፖሊስ እይ። የምር ፊልም ከፈለግህ ግን የወፍጮ ቤቱን ነው። የጀርመን የጦርነት ፊልም እኮ አይዋሽም! በሌላው ፊልም ጥይት ዋናውን ሰውዬ ፈርቶ ዘወር ይላል። የጀርመኖቹ ግን ይርባቸዋል፣ ይበርዳቸዋል፣ ቅማል ይበላቸዋል፣ ይፈራሉ። ሰው ናቸው» ይል ነበር።

የወፍጮ ቤቱ ፊልም ታሪክ አጭር ነው። ጥቂት ወታደሮች፣ ከመካከላቸውም አንድ ባለ መነጽርና አንድ ምግብ አብሳይ፣ ኮረብታ ላይ ባለ አሮጌ ወፍጮ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ረዳት ጦር እስኪመጣ እንዲጠብቁ ይታዘዛሉ። ይጠብቃሉ። ዱቄት በውሃ በጥብጠው ይጠጣሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ይዘፍናሉ። መጀመሪያ በታየበት ቀን አፈ ጀርመን እስከ መጨረሻው እንደ መጣለት ተረጎመው። መጨረሻው ላይ በመስኮት ሲያዩ በሩቁ መንገድ ላይ አቧራ ይነሳል፤ አቧራው የጠላት ታንክ ነው፤ ረዳት ጦር የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም አንድ በአንድ ያልቃሉ። የቪዲዮ ቤቱ ተመልካች ይህን አይቶ ጉድ አፈላ። አግዳሚ ተገለበጠ፣ ጫማ ተወረወረ፣ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲሸከም የዋለ አንድ ሰው «የራሴ አይበቃኝም ወይ!» ብሎ እያለቀሰ ወጣ።

የቪዲዮ ቤቱ ጌታ አፈ ጀርመንን ጥግ ወስዶ «ስማ፣ ነገ ሰዎቹ ይትረፉ» አለው።

«ፊልሙን እኔ አልሠራሁት፤ እንዴት አድርጌ ላትርፋቸው?»

«አፍ የሰጠህ ለምን መሰለህ?»

አፈ ጀርመንም ዘዴ አላጣም። በማግስቱ አቧራው ከሩቅ ብቅ ሲል ድምፁን አወፈረና «መጡልን! ረዳት ጦር መጣልን! ያልናችሁ ይኸው ደረሰ!» ብሎ ጮኸ፤ ወዲያው ማጥፊያውን ተጭኖ መብራቱን አበራ። ሰዎቹ ከአግዳሚያቸው ተነስተው ተቃቀፉ። ከዚያ ቀን ወዲህ የወፍጮ ቤቱ ፊልም መጨረሻ ያ ሆነ። የመጀመሪያውን ቀን ያዩት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም ዳግመኛ አልመጡም። ጭራው ያን ቀን ታሞ ቤት ተኝቶ ስለነበር የሚያውቀው ሁለተኛውን መጨረሻ ብቻ ነው። እየደጋገመ አይቶት በቃሉ ይወጣዋል።

ዓመታት አለፉ። ሰው ፊልሙን በስልኩ ማየት ጀመረ፣ ቪዲዮ ቤቱም ሳሳ፤ አፈ ጀርመንም ለቀሩት ጥቂት ሽማግሌዎችና ሥራ ፈቶች ሲተረጉም ድምፁ ጎረነነ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የአስፋልቱን ፖሊስና የወፍጮ ቤቱን ጉዳይ እዚህ ውስጥ መጎተት አያስፈልግም፤ ጭራውን ፊልም አላዘመተውም። እንደ ሰፈሩ ወጣት ሁሉ ስሙ ተጠራና ሄደ። የመበየጃ መነጽሩን ለወንድሙ ሚስት አስቀምጪልኝ ብሎ ሰጥቷት ሄደ።

ከዘመተ በኋላ ድምፁ ለረጅም ጊዜ ጠፋ። አንድ ከሰዓት ግን ስልኩ ጮኸ። አፈ ጀርመን ሲያነሳው ነፋስ ይሰማል፤ ከነፋሱ ጀርባ የወንድሙ ድምፅ።

«ጋሼ! እኔ ነኝ። የውሃ ታንከር ላይ ወጥቼ ነው፤ ኔትወርክ ያለው እዚህ ብቻ ነው።»

«አለህ? ደህና ነህ? በላህ?» አለ አፈ ጀርመን ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ።

«አለሁ። ጋሼ፣ የት እንዳለሁ ብነግርህ አታምነኝም። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ነኝ!» ብሎ ጭራው ሳቀ። «ማለቴ ወፍጮ ሳይሆን የውሃ ማስወጫ ጣቢያ ነው። ግን ኮረብታው ያው ነው፣ መስኮቱም ያው፣ ታች ያለው መንገድም ያው። አዛዣችን ተመታ፤ ረዳት ጦር እስኪደርስ ያዙ ተብለን ተቀመጥን። ጥቂት ነን። ማታ ማታ ፊልሙን እተርክላቸዋለሁ፣ በአንተ ድምፅ። ብታይ እንዴት ልባቸው እንደሚሞላ!»

አፈ ጀርመን ግድግዳውን ይዞ ተቀመጠ።

«መውጫ የላችሁም?» አለ።

«ከኋላ በኩል ሸለቆ አለ፤ እሱ ገና አልተዘጋም። ሁለቱ ልጆች በዚያ እንውጣ ብለው ዕቃቸውን ሸክፈው ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው። ትንሽ ብትታገሡ አቧራውን ታያላችሁ አልኳቸው።»

«አንተ... ውጣ። በሸለቆው ውጣና ና።»

«ምን ነካህ ጋሼ? አንተ እንዲህ ትላለህ?»

መስመሩ ተቋረጠ። አፈ ጀርመን ስልኩን እንደያዘ ቀረ። ሚስቱ ከጓዳ ወጥታ ፊቱን ስታየው የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። የሆነውን ነገራት። እሷ እንደ እሱ ዙሪያ ጥምጥም የማታውቅ ሴት ናት።

«እውነቱን ንገረዋ» አለችው።

«ምን ብዬ?»

«ሁሉም አለቁ በለው። አቧራው የጠላት ነው በለው። ሌላ ምን አለው?»

«ያን ሁሉ ዓመት ሲያታልለኝ ኖረ አይለኝም?»

«ይበልህ! ኖሮ ይበልህ እንጂ።»

እውነትም ነው፤ ሌላ ምንም አልነበረውም። ነገር ግን ሰው ሆዱ ውስጥ ያደረ ውሸት ሲወጣ አንጀቱንም ይዞ ይወጣል። አፈ ጀርመን ወንድሙን በዚያ ድምፅ ነው ያሳደገው። ልጅ ሳለ ሌሊት እየባነነ ሲያለቅስ በዚያው ድምፅ ነበር የሚያባብለው፤ እናታቸው ለምን እንደማትመጣ የነገረውም በዚያው ድምፅ ነው። ከዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ አንዷን ክር ከሳበ የቱ ጋ እንደምትቆም አያውቅም። ቪዲዮ ቤት መሄዱን ተወ። ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ሰው ሲያናግረው አይሰማም፣ ምግብ ሲቀርብለት ቆራርሶ ይተወዋል፤ ሚስቱም ተናግራ ተናግራ ሲደክማት አጠገቡ ትቀመጣለች።

ጭራው ደግሞ ሲደውል ድምፁ ሰልሏል። ሳቁ የለም።

«ጋሼ፣ ቁስለኞች አሉን። ውሃውም እያለቀ ነው፤ በውሃ ማስወጫ ውስጥ ተቀምጠን ውሃ ጠማን፤ ይገርማል አይደል? ግን ቀርቧል። በፊልሙም እኮ ሊደርሱ ሲሉ ነው የባሰባቸው።»

«ስማኝ» አለ አፈ ጀርመን። «ሳታቋርጠኝ ስማኝ። ረዳት ጦር አልመጣም።»

«የት?»

«ፊልሙ ላይ። አልመጣም። እኔ ነኝ ያመጣሁት። አቧራው ሲነሳ የማጠፋው ለዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ አለ።»

ጭራው ሳቅ የመሰለ ነገር አሰማ። «አይ ጋሼ! እኔን ለማስወጣት ብለህ ነው። ፈራህልኝ። አውቅሃለሁ እኮ!»

አፈ ጀርመን ተርጓሚ ነውና ሊጮህ፣ ሊያወፍር፣ ሊያሳምር ይችል ነበር። አንዱንም አላደረገውም፤ ጉልበቱ ስለሌለው። የጎረነነ ድምፁን ሳይጠርግ፣ ማስመሰል ሳይጨምር፣ ከአቧራው በኋላ ያለውን ነገረው። በሩ እንዴት እንደተሰበረ፣ ማን በየት በኩል ሊሮጥ እንደሞከረ፣ ጣራው በማን ላይ እንደወደቀ። ሲነግረው ፊልሙን በዓይኑ ያያል፤ ከዚያ አንድ ቀን በቀር አይቶት ባያውቅም ምንም አልጠፋበትም ነበር።

ሲጨርስ የሚሰማው ነፋሱ ብቻ ነው።

«ድምፅህ...» አለ ጭራው። «ስትተርክ እንዲህ አይደለም ድምፅህ።»

«አይደለም።»

«ባለ መነጽሩስ? እሱ እንኳን...»

«እሱም።»

«ምግብ አብሳዩ?»

«እሱ ከሁሉ በፊት ነው የሞተው።»

«ታዲያ አቧራው የማን ነው?»

«የጠላት። ከመጀመሪያውም የጠላት ነው። ወንድሜ፣ አቧራ ካየህ የጠላት ነው፤ ሽሽ። እባክህ ውጣ። እግርህ ላይ ወድቄ ነው የምለምንህ።»

ጭራው ሲያለቅስ ተሰማው ወይም ነፋሱ ነው፤ አፈ ጀርመን መለየት አልቻለም። ከዚያ «እሺ ጋሼ» አለ፤ ልጅ ሳለ በር ዝጋ ሲባል እንደሚለው፣ ሳይከራከር። ስልኩ ተዘጋ። አፈ ጀርመን ወደ ሚስቱ ዞሮ «እሺ አለኝ» አላት። ሚስቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና «ተመስገን» አለች፤ ብዙ ጊዜ ደጋገመችው። ያን ቀን እህል በሉ። የጭራውን ፍራሽ አራግፈው ፀሐይ ላይ አሰጡት፤ ሚስቱም ሲመጣ ፀጉሩ መላጨት ሳይኖርበት አይቀርም እያለች ስታወራ ዋለች።

ከዚያ በኋላ አልደወለም። ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ የለም፣ መንገድ ላይ ነው፣ ባትሪው አልቆ ነው ይባባላሉ። ምክንያት ሲያልቅባቸው የድሮውን መልሰው ያነሳሉ። አንድ ረፋድ ላይ ራዲዮው ረዳት ጦር ኮረብታው ላይ መድረሱን፣ የውሃ ጣቢያው መያዙን፣ በውስጡ የነበሩትም መትረፋቸውን ተናገረ። ጎረቤት ሁሉ ቤታቸውን ሞላው። እንኳን ደስ ያላችሁ የማይል የለም። የቪዲዮ ቤቱ ጌታ ሳይቀር መጥቶ አፈ ጀርመንን ጀርባውን እየመታ «አላልኩህም? ረዳት ጦር ይደርሳል!» አለ። አፈ ጀርመን ለሰው ይስቃል። መትረፋቸውን ሰምቷል፤ ወንድሙ ግን ከእነሱ ጋር አልነበረም። እሱ ነው ያስወጣው።

ጥቂት ሰንብቶ በክራንች የሚሄድ ወታደር ደጃቸው ላይ ቆመ። አስር አለቃ ነው፤ ፊቱ ገና የልጅ ነው። የተርጓሚው ቤት የቱ ነው ብሎ መናኸሪያው ጋ ጠይቆ ነው የመጣው። አፈ ጀርመንን ሲያይ ክራንቹን ለመጣል ምንም አልቀረውም።

«እርስዎ ነዎት?» አለ። «አፈ ጀርመን እርስዎ ነዎት?»

«ግባ ልጄ፣ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። የሚስቱን ዓይን ማየት አቅቶት ከአፈ ጀርመን ጋር ብቻ አወራ። ምን ይዞ እንደመጣ ከፊቱ ይነበብ ነበር፤ ሚስትየው አስቀድማ ስላነበበችው ከበሩ መቃን ተደግፋ ቆመች።

«እኔ እግሬን ተመትቼ መሬት ላይ ተኝቼ ነበር» አለ አስር አለቃው። «በመጨረሻው ማታ ጭራው ከታንከሩ ሲወርድ ልክ አልነበረም። ኑ እንውጣ አለን። እኛ ደግሞ አንተ አይደለህ እንዴ ጠብቁ ያልከን አልነው፤ እኔና ሌላው ቁስለኛም መራመድ አንችልም። ምን ሰማህ ብለን ብንጠይቀው አይናገርም። እኛን እኛን እያየ ያለቅሳል። ወንድሜ ና ብሎኛል፣ የእሱን ቃል አላልፍም አለ። የውሃ ድርሻውን አፌ ላይ አድርጎልኝ ነው የሄደው። ጎህ ሲቀድ በሸለቆው ወጣ።»

«ከዚያስ?» አለች ሚስትየው ከበሩ።

«ሸለቆው ኮረብታውን ዞሮ ሜዳው ላይ ነው የሚያስወጣው፤ ከመንገዱ ዳር። እሱ ሜዳው ላይ ሲደርስ እኛ በመስኮት እናየዋለን። ወዲያው ከመንገዱ ጫፍ አቧራ ተነሳ። የኛ ናቸው! ባንዲራቸውን ከላይ ሆነን አየነው። ዘለልን፣ ጮህን። ለእሱ ነበር የቀረቡት፤ ከሁላችን በፊት የሚደርሱት ለእሱ ነበር። ቆሞ እጁን ቢያነሳ ይበቃው ነበር።» አስር አለቃው አፉን በእጁ ጠረገ። «ሮጠ። መሣሪያውን እንደያዘ ከእነሱ ሸሸ። ስሙን እየጠራን ጮህን፤ አልሰማንም። ከፊት ያለው መኪና የሚሸሽ ጠላት ነው የመሰለው። ተኮሰ። እስከ ዛሬ ሳስበው አይገባኝም። በየምሽቱ አቧራ ታያላችሁ እያለ ያኖረን እሱ፣ አቧራውን ሲያይ ምን አስፈራው?»

አፈ ጀርመን አፉን ከፈተ። ያ ለጄኔራልም ለወንበዴም ለምግብ አብሳይም የሚበቃ አፍ አንድ ቃል አጣ። ሚስቱን አያት። እሷም አየችው፤ የነገረውን ሁሉ አጠገቡ ተቀምጣ ሰምታለች፣ ንገረው ያለችውም እሷ ናት። ቀስ ብላ ዞራ ግንባሯን ከመቃኑ ላይ አስደገፈች።

«ቀበርነው» አለ አስር አለቃው። «በክብር ነው የቀበርነው። ግን ለቅሶ ልነግርዎ ብቻ አይደለም የመጣሁት። ልጆቹ ሁሉ ልከውኝ ነው። ያ ፊልም ባይኖር አንጠብቅም ነበር። ያልቆሰሉት በሸለቆው ወጥተው ሜዳው ላይ ያልቁ ነበር፤ እኔም በውሃ ጥም እሞት ነበር። ያኖረን የእርስዎ ትርጉም ነው፣ ጋሼ። እናቴ እግሩን ሳምልኝ ብላኛለች።»

«ተው ልጄ» አለ አፈ ጀርመን።

አስር አለቃው ክራንቹን ወንበሩ ላይ አስደግፎ፣ ጤነኛ እግሩን አጥፎ፣ እንደምንም ወለሉ ላይ ወረደ። የአፈ ጀርመንን ጉልበት በሁለት እጁ አቅፎ ሳመው፤ ደግሞ ሳመው። አፈ ጀርመን ሊያነሳው እጁን ዘረጋ፤ እጁ መንገድ ላይ ቀረ። ከደጅ ጎረቤቶች የሚስቱን ለቅሶ ሰምተው መግባት ጀምረዋል። የገባ ሁሉ ወታደሩ ጉልበቱ ላይ ተደፍቶ ሲያመሰግነው ያያል፤ ባርኔጣውን እያወለቀ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል። አፈ ጀርመንም ሁሉም እስኪገቡ ድረስ ጉልበቱን እንደሰጠ ተቀመጠ።